ግድግዳው የያዘው ስም

በላሊበላ የምሠራበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወጣት ሠዓሊ ጥቁር ጨርቅ ወጥራ ጠመዝማዛ የጨለማ መተላለፊያ ሠራች። የገባ ሰው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ የማይረሳውን ሰው ስም ይናገራል፤ ግድግዳው ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ጨርቁን በነካ ቁጥር የተያዙት ስሞች ይሰሙታል። ሥነ ጥበብ ነው አሉ።

በሩ ላይ ሳመነታ የሆቴላችን አስጎብኚ፣ የብልባላ አገር ሰው፣ ሳቀብኝ።

«አንቺ! የሲኦሉን ዋሻ በባዶ እግርሽ ያለፍሽ ሴት የጨርቅ ጨለማ ትፈሪያለሽ?»

ሲኦል የሚሉት በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለውን ዋሻ ነው፤ ያለ መብራት፣ ዓለቱን እየዳሰሱ ነው የሚያልፉት።

«ማን ፈራ?» አልኩና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ማንም አውልቂ አላለኝም።

ጨርቁ ለብ ያለ ነበር። የማላውቃቸው ስሞች ጆሮዬ ሥር ሽው ይላሉ። መጨረሻው ላይ፣ በዚያ ጨለማ፣ ስም ስጠየቅ አፌን የመራው ልማድ ነው። የእናቴን የክርስትና ስም ተናገርኩ።

የክርስትና ስም ለካህን እንጂ ለማንም አይሰጥም። የእናቴን ስም ጎረቤት እንኳ አያውቀውም ነበር። «ክፉ ሰው መተት ይሠራበታል» ትል ነበር። ያረፈችው ባሌ ክፍለ ሀገር ነው፤ መንገድ ተዘግቶ አልቀበርኳትም። ከዚህ ሆኜ የማደርግላት ነገር ቢኖር ያንን ስም ለንስሐ አባቴ ሰጥቼ በጸሎት ማስጠራት ብቻ ነው።

በማግስቱ አንሶላ ታቅፌ በአዳራሹ ሳልፍ ሰማሁት። ውስጥ አንድ ቱሪስት ይስቃል፤ የእናቴ ስም ይጠራል። ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ እናቴ ከጓዳ ስትጣራ እንደምታደርገው መጨረሻውን ይጎትተዋል። ራሷን የምትፈልግ ትመስላለች።

ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ክፍል ሠዓሊዋ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ስሙን አውጪልኝ።»

«ማሽኑ ድምፅ ያዘገያል እትዬ፤ ያወፍረዋል፤ ለዚያ ነው የተለወጠብዎት።»

«ያዘግየው። አውጪልኝ።»

«ሰው ሁሉ እኮ ወዶታል! ይቺ ሴትዮ ማናት እያሉ ይጠይቁኛል።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ካጠፋሁት አይመለስም። በስልክዎ ልላክልዎት?»

የእናቴ ድምፅ በምንም ላይ አልተቀረጸም። ልቤ ሸፈተ። ሠዓሊዋ መልሴን ሳትጠብቅ ማጫወቻውን ተጫነች፤ ስሙ በዚያ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተጠራ። እንደገና ተጠራ። እኛ አገር የማይታይ ሲጠራህ አቤት አይባልም። አቤት ልል ምላሴ ተነሣ፤ አፌን በነጠላዬ አፈንኩት።

«አጥፊው» አልኩ።

«ምን አሉ?»

ነጠላውን አንሥቼ ደገምኩላት። ማጥፊያውን ተጫነች።

ከጨርቁ ውስጥ ሌሎቹ ስሞች ቀጠሉ። የእናቴ ስም ቦታ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የሚቀጥለው መጣ።