በግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት ኒቃቦች

ይህ የደረሰብኝ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሊለብስ በተቆፈረበት ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ነገሩ ስላላለቀ ነው። ዓርብ ዓርብ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምረኛል።

ደባርቅ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ግን ዋናው መንገድ ዳር ነው። ታናሽ እህቴ ዘይነባ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። ያን ሰሞን ስልኳ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። እናቴ ጧት ማታ፣ ዛሬስ ደወለች ወይ ትለኛለች፤ እኔም ኔትወርክ ነው እላታለሁ። የማላውቀውን ሁሉ በኔትወርክ ማሳበብ ለምዶብኛል።

አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ ወጣት ሠዓሊ ሱቄ ገብቶ ሦስት ጥቁር ኒቃብ ገዛኝ። ለሚስቱ መስሎኝ መርቄ ሸጥኩለት። ቀጥሎም በቤታችን የውጭ ግድግዳ ላይ ሥዕል ልሥል ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ። ደባርቅ ውስጥ ዋልያና ጭላዳ ያልተሣለበት ግድግዳ ጥቂት ነው። የእኛም ተራ ደረሰ ብዬ በደስታ ፈቀድኩ።

አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመለስ ዋልያም የለ፣ ጭላዳም የለ። ሰው የሚያካክሉ ሦስት ሴቶች ተሥለዋል። ፊታቸው ላይ ከእኔ የገዛቸው ኒቃቦች በምስማር ተመትተዋል። ምን ማለት ነው ስለው፣ ሰው ስለ ኒቃብ በየጓዳው ከሚንሾካሾክ መንገድ ላይ ቆሞ ይከራከር ብዬ ነው አለኝ። ጽሑፍ ያልጻፈበትም እርስ በርስ እንዲጠያየቁ ነው። ጧት ተራራው ላይ ወዳለችው ጊች ለመውጣት በቅሎ ተከራይቶ ስለነበር፣ ስመለስ ሰዉ ያለውን ትነግሪኛለሽ ብሎኝ ሄደ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አልወጣችም፤ ምንም አላየችም።

በእኛ አገር የሩቅ ሰው መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ቤተሰቡ እንዳያውቅ አፉን ይይዛል፣ ከዚያ ተሰብስቦ ይመጣል። በማግሥቱ ማለዳ በሩን ስከፍት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ማታ በግድግዳችን ላይ ጥቁር ተሰቅሎ ሲያዩ የዘይነባ መርዶ መጣ ብለው ነው። ስለ ኒቃብ የተከራከረ አንድም ሰው አልነበረም።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ግድግዳውን እየተደገፈች ከኋላዬ ደረሰች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ሌላ የሚነግራት አላስፈለጋትም፤ እዚያው በሩ ላይ ወደቀች።

ሥዕል ነው፣ የሞተ የለም ብዬ ማልኩ። ቁርአን አምጡና ልምታ አልኩ። ግን መርዶ የሚደብቅ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው፣ "ይበቃል የኔ ልጅ። እስከ ዛሬ ብቻሽን ቻልሽው፤ አሁን አልቅሺ" አሉኝ።

ሮጬ ኒቃቦቹን ነቀልኳቸው። እናቷ እንዳታይ ብላ ነው ተባለ። ዘይነባ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ምን ማስረጃ ላምጣ? እኔ ራሴ በሕይወት መኖሯን አላውቅም። ለሠዓሊውም ደወልኩ፤ ጊች ላይ ኔትወርክ የለም። ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።

ድንኳን ተተከለ። ከዳባት ሳይቀር ዘመድ መጣ። እናቴ የዘይነባን ልብሶች አንድ ባንድ አጣጥፋ ሰደቃ ሰጠች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እመለከት ነበር።

ሠዓሊው ፊቱ በብርድና በፀሐይ ተልጦ ሲመለስ ድንኳኑ ገና አልተነሣም። የሆነውን ስነግረው ገብቶ እናቴ እግር ላይ ወደቀ። የሞተ የለም እማማ፣ ሰው እንዲወያይ ብዬ የሠራሁት ነው አላት። እሷም ቀና አድርጋ አየችውና፣ "የልጄን ሞት ለአንተ ማን ነገረህ?" አለችው። ሞቷን ሰምቶ ጥቁሩን የሰቀለ መስሏታል። ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ ሄደ። ልቆጣው እንኳ አቅሙ አልነበረኝም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘይነባ ደወለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት ኖሯል። እያለቀስኩ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። የእህቴ ድምፅ ጎርንኗል፣ አማርኛዋ ዓረብኛ ዓረብኛ ይላል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። እናቴ አዳመጠችና፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ አለቻት። የሌላ ሰው ልጅ ለምኜ ያስደወልኩ መስሏታል። ዘይነባ ፎቶ ላከች፤ እናቴ የድሮ ነው አለች። ሼኹን አምጥቼ አስነገርኳት፤ እሳቸውም አዝነውልኝ ነው አለች።

ዘይነባ እስካሁን አልተመለሰችም፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዎቿ እጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እናቴ "ያቺ ደግ ልጅ" ትላታለች፤ ስለ ሞተችው ልጇ ታጫውታታለች። እኔ በመካከላቸው ስልኩን ይዤ እቆማለሁ። የሁለቱም ነኝ፤ ለአንዳቸውም አልሆንኩም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ዓርብ ሲሰነባበቱ እናቴ መረቀቻት። "አንቺን እንኳ ለእናትሽ ያብቃሽ" አለቻት።

 ከወዲያ በኩል ዘይነባ "አሚን" አለች። እኔም አሚን አልኩ።