ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ

ትናንት ጎረቤቴ የብረት በሩን ሲቀባ ቀለሙን የሚያቀጥንበት አኳራጅ ሸተተኝና የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ቆምኩ። ይኼ ሽታ ባለበት ሁሉ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ቤቷ ተቀጥሬ የሠራሁላት ሴትዮ ትመጣብኛለች። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እሷ ጡረታ የወጣች የስዕል አስተማሪ ነበረች፤ ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ውጭ አገር ሄደውባታል። እኔ ማዳም እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ያ ቢቲ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለት ነው።

እኔ እንደሆነ ሰው አላምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልኩ ነው ድንበር የተሻገርኩት። ማዳም ፓስፖርቴን «ኢቃማ ላውጣልሽ» ብላ ከወሰደችው ወር ሲያልፈው መጠየቅ ጀመርኩ። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ መንገድ ላይ ብትያዝ ምን እንደሚደርስባት ሁላችንም እናውቃለን። በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» ነው። የእሷ ነገ ደግሞ አይነጋም።

በዚህ መሃል እኔን መሳል ጀመረች። ሽንኩርት ስከትፍ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ልብስ ሳሰጣ ዞራ ከጀርባዬ ታየኛለች። መልኬን ስላ ለፖሊስ ልትሰጥ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አንድ ጠዋት ክፍሏን ስጠርግ ስዕሉን ገልጬ አየሁት። እግዚኦ! ፊቴ እንደ ተሰበረ ሳህን ተቆራርጧል፤ ሁለቱም ዓይኖቼ በአንድ ጉንጭ ላይ ናቸው፤ ማጅራቴ ከግንባሬ አጠገብ ተቀምጧል። እንዲህ ሆኜስ ፖሊስም አያውቀኝም። ፖሊሱን ተውኩና መተት ነው አልኩ።

በማግስቱ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ሐበሺያዋ» አለች፣ እኔን ነው፤ ቀጥላ «ተክዒቢያ» አለች። ካርቱም ውስጥ «ከዓብ» ማለት መጥፎ ነው፤ ለበሰበሰ ቲማቲምም ለክፉ ሰውም ይሉታል። ታማኛለች ለካ! ደሜ ፈላ። ስልኩን እንደዘጋች ፊቷ ቆምኩ።

«አና ከዓባ? እኔ ነኝ መጥፎ?»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ወፍራም መጽሐፍ አመጣች። ተክዒቢያ ለካ የአሳሳል ስም ነው፤ እንደ ሳጥን ስድስት ፊት ካለው ቅርጽ የመጣ። መቶ ዓመት አልፎታል አለችኝ። ፓሪስ ውስጥ አንድ ስፔናዊና አንድ ፈረንሳዊ ጓደኛው ጀመሩት፤ ሥራቸው ከመመሳሰሉ የተነሳ የማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር። ጊታሩን፣ ጠርሙሱን፣ የሰውን ፊት ይቆራርጡና ፊቱንም ጎኑንም ባንድ ሸራ ላይ ያኖሩታል። ቀለማቸው ግራጫና ቡናማ ነው፤ ሐቡብ፣ ያ የካርቱም አቧራ፣ የነፋበት ይመስላል። ኋላ ጋዜጣ እየቆረጡ መለጠፍም ጀመሩ። ሌላ ስፔናዊ ተቀላቀላቸውና ቀለሙን አደመቀው። ስሙን ራሱን ሰዎች ያወጡላቸው ሊያፌዙባቸው ነው አለችኝ።

ከዚያ የሻይ በራዱን መሃላችን አስቀመጠች። «ምን ታያለሽ?»

«እጀታውን።»

«እኔ ደግሞ አፉን። ማናችን ዋሸን?» በራዱን አዙሬ አየሁት። «አንቺንም ከአንድ ወገን ብቻ ብስልሽ ውሸት ይሆንብኛል፣ ያ ቢቲ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ማታውን ጥርጣሬው ተመለሰ። ይህን ሁሉ የምታጣፍጠው ፓስፖርቴን ልታስረሳኝ ነው አልኩ።

አርብ ረፋድ ላይ ለቅሶ ቤት ሄደች። መሳቢያዋን ከፈትኩ። ስሜ የተጻፈበት ፖስታ ከላይ ተቀምጧል፤ ስዳብሰው ፓስፖርቴ ነው። ሳልከፍተው ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁና ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ወዳለች የአገሬ ልጅ በሚኒባስ ሄድኩ። የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ፖስታውን ቀደድኩት። ኢቃማው ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፏል፤ የትናንት ቀን ተጽፎበታል። ልትሰጠኝ ያዘጋጀችው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ማዳም ናት። ስለ ፖስታው አላነሳችም።

«ኢንቲ ወይን፣ ያ ቢቲ? የት ነሽ? ምሳ በላሽ?»

ዘጋሁባት።

ነገ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ እያልኩ፣ እያፈርኩ ከረምኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሪያድ ሰፈርም ባዶ ሆነ። ዘንድሮ ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፤ የከፈተልኝ የለም፤ የት እንዳለች የሚያውቅም አላገኘሁም። ቁጥሯን አልሰረዝኩትም። አንዳንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አይጠራም። እኔ ግን «በልቻለሁ፣ ማዳም» እለዋለሁ፣ ስልኩን።