ወረቀቱን ያቆመችው ልጅ

የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ የማሽን ጥገና አስተምራለሁ። በየዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎቼን ለልምምድ ወደ ፋብሪካ ይዤ እሄዳለሁ። ከእነሱ ሁሉ አንዷ፣ «ቆይ» እያልን የምንጠራት ልጅ፣ እስከ ዛሬ ትደንቀኛለች።

ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው። ሌሎቹ ብሎን ለመፍታት ሲሽቀዳደሙ እሷ «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ዙሪያውን አይታ ሳትጨርስ መፍቻ አታነሳም ነበር። ውጤቷም ያው መካከለኛ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጥታ፣ «ቲቸር፣ ይቺ ልጅ እንዲህ እየተንቀረፈፈች ማን ይቀጥርልኛል?» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ሥራ ያፈጥናታል» ብዬ ሸኘኋት።

እሷ የመጨረሻ ክፍል በነበረችበት ዓመት የደረሰን የወረቀት ፋብሪካ ነበር። አዳራሹ ውስጥ እንደገባን ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ማሽኑ ጫፉ አይታይም። በወዲያኛው በኩል ወተት የሚመስል ቀጭን ፈሳሽ ይገባል፤ ውሃው በወንፊት ይንጠፈጠፋል፤ ከዚያ በጋሉ ግዙፍ ሲሊንደሮች መሃል እየተጠማዘዘ ደርቆ፣ በወዲህኛው በኩል ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ከፍጥነቱ የተነሳ የሚሮጥ ሳይሆን የቆመ ነጭ ግድግዳ ይመስላል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚሰማው። የክፍሉ ቀልደኛ እንኳ ቀልዱ ጠፋበት።

ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽበታም የጥገና ኃላፊ፣ በማሽኑ ጎን የተዘረጋውን ቀይ ገመድ አሳዩንና፣ «አደጋ ካያችሁ ይሄን ሳቡ፤ ሁሉም ቀጥ ይላል» አሉን።

ሥራውን ለመድ እንዳደረግን፣ አንድ ረፋድ ከጋሼ ጋር ቆሜ ሳወራ ያ ሁሉ ድምፅ ድንገት ረገበ። ሲሊንደሮቹ እያቃሰቱ ቆሙ፤ ወረቀቱ ተበጣጥሶ ወለሉን አለበሰው። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ዞር ስንል «ቆይ» ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰው አለ! ከስር ሰው አለ!»

ሁሉም ተሯሯጠ። ባትሪ ይዘው ማሽኑ ስር ገቡና ጎትተው ያወጡት አንድ ቱታ ነበር። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዱ ቱቦ ላይ ሰቅሎ ረስቶት፣ እጅጌው በማሽኑ ነፋስ ይወዛወዝ ኖሯል።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የፈረቃው አለቃ ቱግ አለ።

«ለአንድ ጨርቅ ነው ይሄን ሁሉ ያስበጠስሽን? ወረቀቱን መልሰን እስክናስገባው ቀኑ ሄደ እኮ!»

«ሰው መስሎኝ ነው።»

«አትጠይቂም ታዲያ?»

«ልጠይቅ ብዬ ነበር» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ግን እስክጠይቅ ድረስ… ሰው ቢሆንስ?»

ጋሼ ቱታውን ተቀበሉ። ክንድ ያለበት ይመስል እጅጌውን ዳሰሱት።

«ጠዋት በዚህ በኩል ስንታችን አለፍን?» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «እኔም አልፌያለሁ። አላየሁትም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ነገም ሰው ከመሰለሽ ሳቢው።»

እሷ ግን የምትሰማበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም፤ እንባዋ ይወርዳል። አክስቷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቤት ገብታ እህል አልቀመሰችም። «ይቅርብሽ በቃ፤ ከእኔ ጋር ትሰፊያለሽ» ብትላት፣ ተነስታ ቱታዋን ማጠብ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር እኔም ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም።

በማግስቱ አውቶብሳችን ሲደርስ ቀድማን በሩ ላይ ቆማለች። ጸጉሯን ሰብስባ አስራለች፤ ቱታዋ ገና እርጥብ ነው። በቀጥታ ወደዚያ ወደ ሰደባት አለቃ ሄደች።

«እንደምን አደሩ? ዛሬ ምን ልሥራ?»

ሰውየው አፈረ መሰለኝ፣ ዓይኑን ሰበረ። «እስቲ… መጥረጊያ ያዢ» አላት።

ከትናንት የተረፈውን ብጥስጣሽ ወረቀት ስትለቅም አረፈደች፤ አላጉረመረመችም፣ አንገቷንም አልደፋችም። ቆሜ ሳያት ሰውነቴን ነዘረኝ። ብየዳ ፈትኜያታለሁ፤ ንድፍ ማንበብ ፈትኜያታለሁ። ተሳስቶ፣ ተሰድቦ፣ በማግስቱ ሥራ ቦታ ላይ መገኘትን ግን ማናችንም አላስተማርናትም። ከየት አመጣችው?

ስትመረቅ ጋሼ ራሳቸው አስጠርተው አስቀጠሯት። ዛሬ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ያ ግዙፍ ማሽን በእሷ እጅ ነው። ባለፈው አዲስ ተማሪዎች ይዤ ስሄድ የተቀበለችን እሷ ናት። ማሽኑ ለጥገና ቆሞ ስለነበር እያንዳንዳቸውን ቀዩን ገመድ አሳበቻቸው።

«እጃችሁ ይልመደው። ‹ልሳብ ወይስ ልተው› እያላችሁ እዚህ ጋ አትከራከሩም።»

አንዲት ተማሪ ታሪኩን ሰምታ ኖሮ፣ «ያኔ አልተቆጡሽም እንዴ?» አለቻት።

«ቁጣማ ጠግቤ ነው የዋልኩት!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የልጅቷን እግር አየችና ጎንበስ አለች። «በይ የጫማሽን ማሰሪያ እሰሪ፤ እሱን ሳታስሪ አላስገባሽም።»