ከእንዶዱ ጽሑፍ ሥር ያጠፋኋቸው ኮከቦች

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ዝም ያልሁት ፈርቼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተናገርሁት ነበር፤ ፍርሃት ከዕድሜ ጋር ይለዝባል። እኔን ዝም ያሰኘኝ ኩራት ነው። ባደረግሁት ነገር እኮራ ነበር። ሰው የሚኮራበትን ኃጢአት እንዴት አድርጎ ይናዘዘዋል?

እኔ በጉለሌ ተወልጄ በጉለሌ ያረጀሁ የዕፅዋት መምህር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ማኅበር አቋቁሜ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ስለሚበቅሉ ዕፅዋት በአማርኛ የሚያትት ድረ ገጽ መሠረትሁ። በዚህ ሥራ ዛሬም እኮራለሁ፤ አልደብቅም። የሸጎሌ በግ ነጋዴ የበጎቹን ሆድ ስለሚነፋ ቅጠል፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ስለ እንዶድ የጻፉበት፣ እኔም የእያንዳንዱን ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር በእጄ ያቃናሁበት ገጽ ነው።

ገጹን የሠራችልን ወይዘሮ ነጂማ ናት፤ ከባሏ ጋር ሱቅ የምታስተዳድር፣ ኮምፒውተር በወጉ የተማረች ሴት። አንድ ቀን በየጽሑፉ ግርጌ አምስት ባዶ ኮከቦች እንድታኖር ሐሳብ አቀረበች። አንባቢ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣል፤ ብልጫ ያገኘው ጽሑፍ ወደ ፊት ገጽ ይወጣል። ወደድሁት። ኮከቦቹ ወዴት እንደሚሄዱ አልተጠራጠርሁም ነበርና። አንድ ነገር ብቻ ጨመርሁ፤ የሰጪው ስም ይታይ አልሁ። ስም የሌለው አስተያየት ባለቤት እንደሌለው ውሻ ነው ብዬም አሳመንኋቸው።

የእኔ ጽሑፎች ሁሉ አምስት አምስት አገኙ። በተለይ ሦስት ዓመት የደከምሁበት፣ እንዶድን ከሥሩ እስከ ፍሬው የተነተንሁበት ረጅም ጽሑፍ ከፊት ገጽ አልወርድ አለ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን ከፍቼ እቆጥር ነበር። በዚህ ዕድሜዬ!

ነጂማ ግን አንድ ቀን እየሳቀች፣ «ጋሼ፣ ጽሑፍዎን እስከ መጨረሻው ያነበበው ስንት ሰው እንደሆነ ልንገርዎት?» አለችኝ።

«አያስፈልግም» አልኋት።

«በእኛ ሰፈር እኮ ኮከብ የሚሰጠው ለጽሑፉ አይደለም፤ ለሽበቱ ነው። ሰው ስሙ እየታየ ለርስዎ ሦስት ቢሰጥ፣ ነገ ለቅሶ ቤት እንዴት አጠገብዎ ይቀመጣል? እስቲ ስሙን እንሸፍነውና እንደገና እንጀምር።»

ተሰደብሁ። የተሰደበ ኩሩ ሰው ደግሞ ፈተናን አይሸሽም፤ «ሸፍኚው» አልኋት።

ስሙ ተሸፈነ። ወር ሳይሞላ የእኔ የእንዶድ ጽሑፍ ወደ ሁለት ኮከብ ወረደ። ከፊት ገጽ የወጣው ስለዚያው ስለ እንዶድ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ተኩል የማይሞላ የአቶ ባሳ ጽሑፍ ነበር። አቶ ባሳ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ናቸው፤ ዕድሜያችን እኩል ነው። እንዶድ ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ እንደሚለቀም፣ በጥላ እንደሚደርቅ፣ በእርሱ የታጠበ ነጠላ ጥለቱ እንደማይለቅ ጽፈዋል። ከዚያም አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እጅህ በውሃው ውስጥ መንሸራተት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ደርሷል።» የሁሉንም ጽሑፍ ሳቃና ይህችን አልነካኋትም፤ የምትቃና አልነበረችም። በእኔ ብዙ ገጾች ውስጥ አንድም እጅ ውሃ አልነካም። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ሳላውቅ አላደረግሁትም።

ማኅበሩን በቤቴ ሰበሰብሁ። የጥምቀት ሰሞን ስለነበረ አቶ ባሳ ከሥራ ብዛት አልመጡም፤ እንደማይመጡም አውቅ ነበር። ተነሥቼ ተናገርሁ። ፊቱን ሸፍኖ የሚፈርድ ዳኛ አይታመንም፤ አባቶቻችን የመሰከሩት ቆመው፣ ስማቸውን አስጠርተው ነው፤ ጨዋ ሰው ሲያመሰግንም ሲነቅፍም በስሙ ነው አልሁ። ያማረ ንግግር ነበር። ዛሬ ቃል በቃል ባስታውሰው አንዲት ቃል የምቀንስለት የለኝም። ሁሉም «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ነጂማ ብቻ፣ «ታዲያ በስውር የተሰጡት ኮከቦች ይጥፉ?» ብላ ጠየቀች።

«ይጥፉ» አልሁ።

አንድ ቃል ናት። ነጂማ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ወደ ኮምፒውተሯ አጎነበሰች። ጣቷ የእርሷ ነበር፤ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ አጠፋሁ።

ስሞቹ ሲመለሱ ይሉኝታም ተመለሰ፤ የእኔም አምስት ኮከቦች ተመለሱ። ከአቶ ባሳ ጽሑፍ ሥር ግን ማንም አልመጣም። እኔ በጻፍሁበት ተክል ላይ ሌላውን በስሙ ማመስገን እኔን መንቀፍ ሊመስልበት ነው። ባዶዎቹ አምስት ኮከቦች እንደ ባዶ ወንበር ተደርድረው ቀሩ። ይህ እንደሚሆን አላወቅሁም ነበርን? ሰፈሬን እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል?

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋቢ ላሠራ ሽሮ ሜዳ ሄድሁ። አቶ ባሳ ከሽመና ጉድጓዳቸው ገብተው ይሸምናሉ። ክር ስለሚያቀልሙ ሥሮችና ቅርፊቶች በአንድ ደብተር ሙሉ መጻፋቸውን ቀደም ብለው ነግረውኝ ነበርና፣ መቼ እንደሚያመጡልኝ ጠየቅኋቸው። መወርወሪያውን ሳያቆሙ ሳቁ።

«ተዉኝ እባክዎ መምህር! የጥምቀት ሥራ ሲያልቅልኝ ገጹን አስከፍቼ ባይ፣ አንድ ሰው እንኳ አንዲት ኮከብ አልጣለልኝም እኮ። አንድ ቢሰጡኝ እንኳ ስድብ ነው ብዬ እቀበል ነበር። የእኔ እጅ የለመደው ይሄንኑ ነው።»

«ደብተሩስ?» አልሁ።

«እሱማ ሥራ ያዘ» አሉና ከጎናቸው ያለውን ቅርጫት በአገጫቸው አሳዩኝ። የደብተሩ ቅጠሎች አንድ በአንድ ተጠቅልለው ክር ተጠምጥሞባቸዋል። ከቀዩ ክር ጫፍ ላይ የእጅ ጽሕፈታቸው ብቅ ብሏል፤ «እንሶስላ ሥሩ ሲ» ይላል፤ የቀረው ከክሩ ሥር ነው።

ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ሰው ወዶልዎት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ። የጥቅልሎቹ ክር ገና አልተፈታም፤ ወረቀቱን ማትረፍ ይቻል ነበር። ዐርባ ዓመት አፌን ከፍቼ ያስተማርሁ ሰው አፌ አልከፈት አለ። ጋቢዬን አዝዤ ወጣሁ። ሲደርስልኝም ለብሼው ኖርሁ፤ ሞቀኝም።

አራት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር የዚያን ስብሰባ ንግግሬን ለማስታወሻዬ ልጽፍ ተቀመጥሁ፤ ልኮራበት። ጽፌ ስጨርስ ስለ አቶ ባሳ አንዲት ቃል የለበትም። በተንኮል ያልሠራሁት መስሎኝ የኖርሁት ለካ ንግግሩ ስላማረ ነው። ያን ዕለት ወደ ነጂማ ሱቅ ሄጄ፣ የጠፋ ነገር ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አላጠፋኋቸውም» አለችኝ። «ቅጂያቸውን አስቀምጬዋለሁ፤ አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ፣ በምን አፌ?»

አምስቱን ኮከብ የሰጠኝ ይሉኝታ፣ በደሌንም አራት ዓመት ሸፍኖልኝ ኖሯል።

በማግስቱ ለአቶ ባሳ ሁሉንም ነገርኋቸው። መወርወሪያው ቆመ።

«ስንት ነበር?» አሉ።

«አራት ተኩል።»

«ግማሿን ማን ነው የነፈገኝ?» ብለው ከልብ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቅርጫቱ ሄደ። ክሩ የተጠመጠመው አሁን በወረቀት ሳይሆን በሸንበቆ ላይ ነው። ሳቃቸው ቆመ፤ ስለ ደብተሩ እርሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አልደፈርሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ቃሌን ሳልጨርስ፣ «ኧረ ምን ገዶኝ መምህር» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይህም ለሽበቴ የሚጣል ኮከብ ይሆንብኝ ነበር።

ዛሬ ገጹን ብትከፍቱ ከፊት ያለው የአቶ ባሳ ጽሑፍ ነው፤ ስሞቹም ተሸፍነዋል። በመሠረትሁት ገጽ ላይ ያች የእጅና የውሃ ዓረፍተ ነገር በመውጣቷ ከጻፍሁት ሁሉ ይልቅ እኮራለሁ። የእኔው ጽሑፍ ከሁለት ኮከቡ ጋር ከታች አለ፤ አላነሣሁትም። ስለ እንሶስላ ግን የሚነበብ የለም፤ ቀይ ክሩ የነጠላ ጥለት ሆኖ ተሸጧል፤ ወረቀቱም ተጥሏል። ለዚህ ማመካኛ አላቀርብም፤ ማመካኛ አሳምሬ ማቅረብ እንደምችል ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ነጂማ ይህን ጽሑፍ ስታወጣ፣ «ከሥሩ ኮከቦቹን ላድርጋቸው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አታድርጊ አልኋት። አውቃችኋለሁ፤ ስማችሁ ተሸፍኖም ቢሆን፣ ሽማግሌው ተናዘዘ ብላችሁ አምስት ትሰጡኛላችሁ።