ሻምበል ጾመኛ አልነበረም

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ፣ ታክሲው ቸርችል ጎዳናን ይዞ ቁልቁል እየወረደ፣ ለጓደኛዋ ወሬ ታወራላታለች። እሪ በከንቱ ሰፈር ሁዳዴን የሚጾም ውሻ ነበር አለቻት። ሥጋ ቢሰጡት አይነካም፣ የሚበላው ሽሮ ብቻ ነው፣ ቪዲዮው ሁሉ አለ። ጓደኛዋ "ወይ የአምላክ ሥራ፣ እኛ ሰዎቹ እንኳ አቅቶን" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ መውረጃዬ ሳይደርስ "ወራጅ አለ" ብዬ ወረድኩ።

ውሻው የኛ ነበር። ቪዲዮውን የቀረጽኩትም ወሬውን ያስጀመርኩትም እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው አምና በሁዳዴ ነው። ወሬው ግን ዘንድሮም ከሰው አፍ አልወረደም። እውነቱን አንድ ቦታ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ስሙ ሻምበል ነበር። እናቴ ናት ገና ቡችላ ሳለ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችው። ማዕረጉን የሰጠው አባቴ ነው፤ "ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚያዘን እሱ ነው" ይል ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ እኔና ሻምበል ነን። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ አልኖርም። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ውሎው ከሻምበል ጋር ነበር። ጊዮርጊስ ሲሳለም ውሻው ይከተለዋል፣ ውጭ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ አብረው ይመለሳሉ።

ሻምበል በሁዳዴ ሁልጊዜም ይከሳል። በእናቴም ጊዜ ያው ነበር። ቤታችን ሥጋ አይገባ፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ዝግ፣ አጥንት ከየት ይመጣል? እናቴ "አንተም ከቤቱ ጋር ነህ፣ ቻለው" ትለውና ሽሮ ፍትፍት ታቀርብለታለች። ፋሲካ ሲደርስ አጥንቱን እየቆረጠመ ወዲያው ሥጋው ይመለሳል። ስለዚህ አምና ጎድኑ ወጥቶ ሲታይ ማንም አልደነገጠም። ጾም ነው፣ ለፋሲካ ይመለሳል አልን።

ከኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጋሼ ሰይድ የሚባል ጎረቤት አለን። ወሎዬ ነው፣ ብትን ጨርቅ ይነግዳል። ውሻ በእጁ አይነካም፤ ግን አንጀቱ አይችልም፣ ለማንም ያዝናል። አምና ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ስለነበር ግቢው በሙሉ ጿሚ ነው። እነ ጋሼ ሰይድ ካፈጠሩ በኋላ እሱ የሾርባውን አጥንት ይዞ ይወጣና ከራቅ ብሎ ለሻምበል ይወረውርለታል። "እኛስ ጾምን፣ እሱ ምን አጠፋ?" ይላል።

ሻምበል አጥንቱን አሸተተው። በአፉ ያዝ አደረገው፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ፊቱን አዙሮ ተኛ። በማግስቱም እንደዚያው። አባቴ ሽሮ ፍትፍት ሲሰጠው ግን ቀስ እያለ በላ። አጥንቱ ጠዋት ቦታው ላይ አይገኝም፤ ድመቶቹ ወሰዱት እንላለን።

አንድ ምሽት ጋሼ ሰይድ ግራ ገብቶት ቆሞ አየው። "ጋሽ ተሾመ፣ ይሄ ውሻ አሞት እንዳይሆን" አለ አባቴን።

እኔ ከሥራ ገብቼ ደጃፍ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። አፌ አያርፍም፤ የሰፈር ልጅ ነኝ፣ ለነገር ሁሉ መልስ አለኝ። "ጋሼ ሰይድ፣ የክርስቲያን ቤት ውሻ እኮ ነው። መጀመሪያ ነገር የናንተን ሥጋ አይበላም፤ ሁለተኛ ደግሞ ጾም ይዟል" አልኩት።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሰይድ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በል ይቅር በለኝ ሻምበል፣ ላስገድፍህ ነበር" አለው። በዚያ ጾም ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር የነበረው ያቺ የጋሼ ሰይድ ጥያቄ ናት፤ እሷም በሳቁ መሀል ቀረች።

ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነው። ውሻውን ትኩር ብሎ አየውና "እሷ ናታ ያስተማረችው" አለ። እናቴን ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ልቤ እንዴት እንደተያዘ ልናገር። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ምግብ ጠልቶ ነበር። አንድ ጉርሻ ይጎርስና መሶቡን ይገፋዋል። ሻምበል ጾመኛ ከተባለ በኋላ ግን ነገር ተለወጠ። ከቅዳሴ ሲመለስ ለሁለቱም ያቀርባል፣ "በል ሻምበል፣ ሰዓታችን ደረሰ" ይለዋል፣ ጎን ለጎን ይበላሉ። አባቴ ሰሃኑን ሲጨርስ ያየሁት ያኔ ነው። ታዲያ ቀልዱን ለምን ልተወው? እንዲያውም አሟሟቅኩት።

ቪዲዮውንም የቀረጽኩት በዚህ ስሜት ነው። በአንድ በኩል የጋሼ ሰይድ አጥንት፣ በሌላ በኩል የአባቴ ሽሮ። ሻምበል አጥንቱን ትቶ ወደ ሽሮው ይሄዳል። ሲበላ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፤ "ጸሎት እያደረሰ ነው" እያልኩ ስስቅ ድምፄ ይሰማል። ለጓደኞቼ ላክሁት፣ እነሱም ለሌላ ላኩት። ኬክ ቤት ማኪያቶ ሊጠጡ የሚመጡ ደንበኞች ሒሳብ ሲከፍሉ "ሻምበል እንዴት ነው፣ እስካሁን አልገደፈም?" ይሉኛል። ጊዮርጊስ በር ላይ የሚያዩት እናቶች "ጾመኛው" እያሉ ይጠሩት ጀመር። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር።

አፉ መሽተት ሲጀምር እንኳ መልስ አልጠፋንም። የጾመኛ አፍ ነው አልን። አንድ ቀን የውሃ ሳህኑ ላይ ቀላ ያለ ነገር አይቼ ነበር። ሳህኑ የዛገ መስሎኝ አጥቤ አስቀመጥኩት።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት አባቴ በጉ ሲበለት ከአጠገቡ አልተነሳም። የጭኑን አጥንት ሥጋው እንዳለ አስቆረጠና ይዞለት ሄደ። "እንኳን አደረሰህ ሻምበል። በደንብ ችለሃል" አለና ፊቱ አኖረለት።

ሻምበል ተነሳ። ጅራቱን ቆላ። አጥንቱን በአፉ ያዘና ሊቆረጥም ሲል ድምፅ አውጥቶ ጣለው። ከአፉ ምራቅ ተዝረበረበ፤ ምራቁ ውስጥ ደም ነበረበት። ሥጋውን በምላሱ ላሰው፣ ወደ አባቴ አየ፣ እንደገና ላሰው።

አባቴ ተንበርክኮ "ፍስክ ነው እኮ፣ ተፈቷል፣ ብላ" ይለው ጀመር። ደጋግሞ አለው። ከዚያ አጥንቱን ከፊቱ አነሳው። ውሻው መታመሙ ሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን።

በዓሉ እንዳለፈ በብርድ ልብስ ጠቅልለን የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። አፉን በቀስታ ከፍታ በባትሪ አየች። እኔንም አሳየችኝ። ከግራ መንጋጋው በስተኋላ፣ ድዱ ላይ፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል ጠቆር ያለ ዕጢ ነበር። ጥርሶቹን ገፍቶ አነቃንቋቸዋል። አንገቱ ሥር ያሉትም እጢዎች አብጠዋል።

"አጥንት መብላት ያቆመው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ጾሙ ሲገባ" አለ አባቴ። "ጾሞ ነው እኮ ልጄ። ቪዲዮ አለው። ሰብሊ፣ አሳያት።"

ስልኬን ማውጣት ሞት ሆነብኝ። ዶክተሯ ቪዲዮውን ሳትስቅ አየችው። የኔ ሳቅ ክፍሉን ሞላው። "እዚህ ጋ አቁሚው" አለችኝ። አንገቱን የሚያዘነብለው በግራ በኩል ማኘክ ስላቃተው ነው አለች። የምራቁ መዝረብረብም ያኔውኑ ይታያል። ሽሮውን የበላው ለስላሳ ስለሆነ፣ አጥንቱን የተወው ስለሚያመው ነው።

ናሙና ወሰደች፣ ራጅ አስነሳነው። ውጤቱ ካንሰር ሆነ፤ ሳንባው ላይም ታየ። ገና ትንሽ ሳለ ቢያዝ ከመንጋጋው ጋር ቆርጦ ማውጣት ይሞከር እንደነበር ነገረችን። ሁሉም ባይሆኑ አንዳንዶቹ ደህና ዕድሜ ያገኛሉ አለች። አሁን ግን ቆርጦ ማሠቃየት እንጂ ማዳን አይሆንም፤ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ ነው። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ "የውሻ አፍ ከፍቶ የሚያይ ብዙ ሰው የለም" አለችኝ።

አባቴ የሰማ አይመስልም ነበር። ቆይቶ "ያን ጊዜ ሁሉ ርቦት ነበር ማለት ነው?" አላት።

ዶክተሯ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። "አዎ አባባ፣ ርቦት ነበር" አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው። አባቴ ያን ጊዜ ሻምበልን በማብላት አሳለፈው። ሥጋውን እስኪሟሟ ይቀቅልና ይፈጨዋል፣ ማስታገሻውን አድቅቆ በመረቁ ይቀላቅልለታል፣ በጣቱ እየዛቀ በቀኝ በኩል ያጎርሰዋል። ደህና ቀኖችም ነበሩን። ሁለቱ እንደ ድሯቸው ጊዮርጊስ በር ደርሰው ይመለሱ ነበር። እናቶቹ "እንኳን አስፈታህ ጾመኛው" ሲሉት አባቴ "አሜን" ይላል። እውነቱን ሊነግራቸው አልቻለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

እያደር ፊቱ በአንድ ወገን አበጠ። መረቁም ይፈስስበት ጀመር። ዶክተሯ ሥቃዩ ከጠና በመርፌ ማሳረፍ እንደሚቻል ነግራናለች፤ አባቴ ግን "ነፍስ የፈጣሪ ናት" ብሎ ወሬውን አያስነሳም። አንድ ጠዋት ሻምበል ሳህኑ ድረስ መጣ፣ ምግቡን አየው፣ አልነካውም፣ አገጩን የአባቴ እግር ላይ አኖረ። አባቴ የሻምበልን ጆሮ ዳበሰ። ከዚያ "ሰብሊ፣ ለዶክተሯ ደውዪላት። ሁለተኛ አላስርበውም" አለኝ።

እቤት ድረስ መጣችልን። ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ላይ እንደተኛ፣ የአባቴ እጅ ራሱ ላይ እንዳለ አለፈ። ጉድጓዱን ከአጥሩ ሥር የቆፈረለት ጋሼ ሰይድ ነው። አፈሩን ሲመልስ "ጠይቄ ነበር እኮ" አለ። ለራሱ እንጂ ለኔ አልነበረም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ክረምት ሲገባ የግቢው የውሃ ሮቶ ማፍሰስ ጀመረና የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣን። ሮቶውን ገፋ ሲያደርጉት ከጀርባው፣ በግድግዳውና በሮቶው መሀል፣ አጥንት ተደርድሮ ተገኘ። አንዱም አልተቆረጠመም። ጋሼ ሰይድ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየውና "የኛ የሾርባ አጥንት ነው" አለ። ድመት አልወሰደውም ነበር። ሻምበል ሰው ሳያየው አንድ በአንድ ወስዶ፣ አፉ ሲሻለው ሊበላው አስቀምጦታል።

አባቴ በከዘራው ተደግፎ መጣ። ብዙ አያቸው። "አየሽ ሰብሊ፣ ለፍስክ ነው ያስቀመጣቸው" አለኝ።

ቀልዶ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

ዘንድሮም ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። አባቴ መሶቡን እንደገና መግፋት ጀምሯል። ትናንት ማታ ጋሼ ሰይድ ካፈጠረ በኋላ ልማድ ሆኖበት አጥንት ይዞ ወጣ፤ ግቢው መሀል ትንሽ ቆመና መልሶ ይዞት ገባ። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ አየሁት።

ጸጸቱ አልለቀቀኝም። በጊዜ ቢያዝ ኖሮ ይድን ነበር ወይ አላውቅም፤ ዶክተሯም እርግጠኛ ሆና አልነገረችኝም። ቢያንስ ግን ሕመሙን እያየን አንስቅም ነበር። ዛሬም አፌ አያርፍም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሰው "አሞት እንዳይሆን" ሲል ከሰማሁ ግን ቀልዴን እውጣለሁ።

ታክሲ ውስጥ ላገኘኋት ሴት ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ይህን ካነበብሽው፣ እህቴ፣ ለጓደኛሽም ንገሪያት፤ ሻምበል አልጾመም፣ ርቦት ነበር።