ሁለተኛው ካምሻፍት

ቅዳሜ ጠዋት ሳሊተ ምሕረት፣ እትዬ ሙሉ ግቢ ውስጥ፣ የተከፈተ ሞተር ላይ አጎንብሼ ቆሜያለሁ... ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ያገለገለ መኪና ነጋዴ ነኝ። እትዬ ሙሉ የጋሽ ታደሰ ባለቤት ናቸው። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። መኪናዋን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። እትዬም ሊሸጧት ሲወስኑ የደወሉት ለእኔ ነው። «ሌላ ሰው አላምንም» አሉኝ።

ገዢ ይዤ ሄድኩ፣ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው። እሱም እንደ ደንቡ የራሱን መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ኮፈኑን ገና እንደከፈተ «ሲንግል ካም ናት» አለ። ለማጣጣል አልነበረም።

እትዬ ሙሉ ከበረንዳው ብድግ አሉ። «ምን? ደብል ካም ናት እንጂ! ታደሰ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያደነቆረኝ በዚሁ አይደል?»

«ችግር የለውም እማማ፣ እኔም የምፈልገው ሲንግል ነው» አለ ሹፌሩ።

«አንተ የምትፈልገውን ማን ጠየቀህ? አንተ መካኒክ፣ የሞተሩን ክዳን ክፈተው!»

ነገሩን ለማታውቁት... ካምሻፍት ማለት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ሲንግል ካም ላይ አንዱ ዘንግ አየር ማስገቢያውንም ጭስ ማስወጫውንም ያዛል። ደብሉ ላይ ለየራሳቸው ዘንግ አላቸው፤ ስለዚህ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሮጥ በደንብ ይተነፍሳል፣ ጉልበቱ ረጅም መንገድ ላይ ይታያል። ሲንግሉ ቀላል ነው፤ ዕቃው ይረክሳል፣ ጥገናው አያስቸግርም፣ በዝቅተኛ ዙርም አይለግምም። በየቀኑ ከሳሊተ ምሕረት መገናኛ እየተጎተተ ለሚሄድ ሰው ሁለተኛው ዘንግ ጌጥ ነው።

ይሄን ያኔም አውቀው ነበር። ጋሽ ታደሰ ሊገዙ መጥተው የሞተሩ ክዳን ላይ «16 ቫልቭ» የሚለውን አነበቡና «ደብል ካም ናት ማለት ነው?» አሉኝ። አሥራ ስድስት ቫልቭ ያለው ሲንግል ሞልቷል። እኔ ግን «እንዴታ!» አልኳቸው።

በዚያች አንድ ቃል ዋጋዋ ከፍ አለ። የጎደለውን እትዬ ሙሉ ከዕቁባቸው ሞሉ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ... እውነቱን ብነግራቸውም ይገዙኝ ነበር። ለእሳቸው የሚሻለው ሲንግሉ ነበር።

መካኒኩ ብሎኖቹን ፈቶ ክዳኑን አነሳ። መሃል ላይ በዘይት የጠቆረ አንድ ዘንግ ተጋድሟል። እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

«ሁለተኛውስ የታለ?»

«ሁለተኛ የላትም እማማ።»

«እንግዲያ ታደሰ አላወቀም ነበር።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። «በዘጠኝ ዓመት ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሳይቀየር አይቀርም። ቺንጋ ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሲንግል ነው ደብል ብሎ ነው። ያውቁ ነበር።»

እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «አርባ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም ብዬ ነበር እኮ ያለቀስኩት...» አሉ።

እኔ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ጋሽ ታደሰ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ዛሬም ደብል ካም ትሸጣለህ?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለካ ያውቁ ነበር... አውቀው፣ የሚስታቸው ዕቁብ ገብቶበታልና እትዬን እንዳይቆጫቸው ብለው ነው የዋጡት። እኔንም አላዋረዱኝም።

ያን ጊዜ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ገዢው አጠገቤ ቆሟል፤ ሽያጩ እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ። ሽያጩም አለቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ወንበር ሳልይዝ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጋሼ አይደሉም የዋሹት። ደብል ናት ብዬ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።»

 እጄን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ... ለሞተ ሰው ብለህ የገዛ ስምህን ታጠፋለህ?»

«እውነቴን ነው እትዬ። ማርያምን!»

«አትማል! ለእሱ ብለህ በውሸት አትማል፣ ኃጢአቱ ላንተ ነው የሚተርፈው።» እንባቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ወዳጅ ስለነበረው ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ሐውልት ሠሪው ጋ ደውዬ ለመቃብሩ ካዘዝኩት ‹እውነተኛው መምህር› ከሚለው ጽሑፍ ላይ ‹እውነተኛው› የምትለዋን አስወጥቻታለሁ።»

ሁለቴ ሦስቴ ሞከርኩ። በተከራከርኩ ቁጥር ይበልጥ መረቁኝ... እስከ በሩ ድረስ ሸኝተው «አንተን የመሰለ ሰው አይጥፋ» አሉኝ።

ውሸቴን ያለ ክርክር የገዛኝ ቤት፣ እውነቴን በነፃ ሳቀርብለት አልቀበልም አለኝ።