ወገቤ በተዘጋው መንገድ ሰሞን

የነቀምቴ አያና መንገድ በግጭት ሲዘጋ ሚኒባሴን ነቀምቴ ያለው ግቢዬ አስገብቼ አቆምኳት። ለጥቂት ቀን መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለተራ አስከባሪው እደውልለታለሁ፤ "ዛሬስ?" ስለው "ገና ነው" ይለኛል። እኔ የጎጃም ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ጊዳ አያና ነው። እናቴና ወንድሜ ያኔ ከአያና ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበሩ፤ ስልካቸው አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም።

ቤት ውስጥ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ከጓዳ በረንዳ፣ ከበረንዳ ጓዳ እመላለሳለሁ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ሞተር አስነሳለሁ፣ ትንሽ አዳምጣለሁ፣ አጠፋለሁ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ኧረ ነዳጁን አትጨርሰው!" ትለኛለች። እወርዳለሁ። ብዙም ሳልቆይ ተመልሼ እገባለሁ።

አንድ ጠዋት የኋላውን ጎማ ልይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። የከበደ ነገር አላነሳሁም። ወገቤ ቋ አለና እዚያው በእጅና በጉልበቴ ቀረሁ። ልቃና ብል አልቻልኩም፤ ልተኛ ብልም አልቻልኩም። ባለቤቴ ከጎረቤት ሰው ጠርታ ደግፈው አስገቡኝ።

ክሊኒክ የወሰዱኝ በባጃጅ ነው፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ታልፍ ነበር። ሐኪሙ እግሬን እያነሳ እያወረደ መረመረኝና ጡንቻው እንደተኮማተረ፣ ዲስኩም ትንሽ እንደተጎዳ ነገረኝ።

"እግርህ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ሳትውል ሳታድር ና" አለኝ። "ካልሆነ ግን ተኝተህ አትክረም። ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ።"

ለእኔ መንቀሳቀስ ይታዘዝልኛል? ሌላ መች አማረኝ! አሁን ግን ከአልጋ ለመነሳት እንኳ መጀመሪያ በጎን መገልበጥ፣ ከዚያ እግርን ማውረድ፣ ከዚያ ግድግዳውን መያዝ ነበረብኝ።

ወሬውን ሰምተው የባለቤቴ እናት ከዲጋ መጡ። በእነሱ፣ በኦሮሞዎቹ ዘንድ አማትና አማች ይፈራራሉ። ከተጋባን ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠን በልተን አናውቅም፤ እሳቸው አንቱ ይሉኛል፣ እኔ አዮ እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሕክምናው የተካሄደው በመጋረጃ ነው። እኔ ጀርባዬን ገልጬ በሆዴ ተኝቻለሁ፤ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"አከም ጅርቱ?" አሉኝ፣ እንዴት ነዎት ለማለት።

"ደህና ነኝ፣ አዮ።"

"ደህና ሰው እንዲህ አያቃስትም" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጃቸው። "ጨዉን ቆልተሽ በጨርቅ ቋጥሪው። መጀመሪያ በክንድሽ ለኪው፤ ቆዳውን እንዳታቃጥዪው።"

ባለቤቴ የጋለውን ጨው ጀርባዬ ላይ አሳረፈችው። ቀጥላ በኑግ ዘይት የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ትቀባኝ ጀመር።

"እዚያ አይደለም" አሉ እናቷ። "ዝቅ በይ።"

"ሳታዪ እንዴት አወቅሽ?"

"ሲያቃስት እሰማ የለም እንዴ?"

እውነትም ዝቅ ስትል ቦታውን አገኘችው። ሙቀቱ ጥሩ ነበር፤ ሰውነቴ ይላላል። ጨርቁ ሲበርድ ግን ሐሳቤ ተመልሶ አያና ይሄዳል፣ ወገቤም ተመልሶ ይጨመደዳል። ስልኬን አነሳለሁ፤ ኔትወርክ የለም።

በዚያ መሀል አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። አንዲት ቀጭን ሴት ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበቷ ሆና ጀርባዋን እንደ ድመት ቀስታ ታጎብጣለች፣ ታሰረጉዳለች። ዮጋ ነው። ደውዬ ሳቅኩበት።

"ስቀህ ስትጨርስ ሞክረው" አለኝ። "አዲስ አበባ ስታከም ያሠሩኝ የነበረው ይህንኑ የመሰለ ነው። እንዳያምህ፤ ካመመህ ተው።"

ሞከርኩት። ጀርባን ማጉበጡ አልከበደኝም፤ የከበደኝ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ መተንፈሱ ነው። ሴትዮዋ ረጋ በሉ ትላለች፤ እኔ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ግን ሰንበትበት ስል ጫማዬን ራሴ ማሰር ቻልኩ።

አንድ እሑድ መቀመጫዬን ወደ ላይ፣ ራሴን ወደ ታች አድርጌ እጆቼን መሬት ላይ ተክያለሁ። አማቴ ከቸርች ተመልሰው በሩን ከፈቱ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር።

"ያ ዋቅ!" አምላኬ ሆይ ብለው በሩን ጠረቀሙት።

በእፍረት መሬት ላይ ተዘርግቼ ቀረሁ። ቆይታ ባለቤቴ ገባች። "እማዬ ለማን ነው የሚሰግደው እያለች ነው። ዮጋ የባዕድ አምልኮ ነው ብለው ቸርች ውስጥ ሲያወሩ ሰምታለች።"

"ለወገቤ ነው የሰገድኩት በያት!" አልኩ ጮክ ብዬ። ወዲያው ግን እህል እንኳ ሳይቀምሱ በረንዳ ላይ መቀመጣቸውን አየሁና ወጣሁ። ራቅ ብዬ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ አስረዳኋቸው።

"አዮ፣ ይህ ጸሎት አይደለም። የደረቀ ጡንቻ ማፍታታት ነው። ሐኪሙም ተንቀሳቀስ ብሎኛል።"

ቪዲዮውን ከልጃቸው ጋር አይተውታል መሰለኝ፣ "ያቺ ሴትዮ መጨረሻ ላይ እጇን ገጥማ የምትለው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አላውቀውም።"

"እንግዲያው የማያውቁትን አይበሉ። እሱን ይተዉት። ሌላው ወገብ ነው።"

ከዚያ በኋላ ድምፁን አጥፍቼ እሠራ ጀመር። አንድ ጠዋት ትንፋሼን ሳስወጣ ከመጋረጃው ወዲያም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ። ሳስገባ ይገባል፣ ሳስወጣ ይወጣል። ባለቤቴ በመሀል ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበርጩማቸው ሲነሱ ወገባቸውን እንደሚይዙ ትዝ አለኝ። ለእሳቸው እንዲመች ዝግ አልኩ። ከታመምኩ ወዲህ ስልኩን የረሳሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ወንድሜ የደወለው በዚያ ሰሞን ነው። ቤቱን ጥለው ወጥተዋል፤ እናቴን ይዞ አያና ከተማ ገብቷል፤ ደህና ናቸው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ።

መንገዱ ሲከፈት ሕመሙ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በወገቤና በወንበሩ መሀል የተጠቀለለ ፎጣ አስገብቼ፣ ተሳፋሪ ጭኜ ወደ አያና ወጣሁ። መንገዱን ሳናጋምስ ወገቤ መቆንጠጥ ሲጀምር ቆምኩ። ተሳፋሪው ደነገጠ።

"ምንድን ነው? ለምን ቆምክ?"

"ወገቤ ነው። ትንሽ ላፍታታው።"

ወርጄ እጆቼን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ጀርባዬን ዘረጋሁ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሌላው ወረደና በሩን ይዞ ተንጠራራ። ሁሉም ግን እየተንጠራራ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ መንገዱን ያያል። "በሉ እንሂድ" አለች አንዲት እናት፤ ሁለተኛ አላስባልኳትም።

አያና ስደርስ እናቴ ወንድሜ የተከራየው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ዘርግታ ወደ መኪናዋ መጣች። "ቆይ እማዬ፣ መጣሁ" አልኳት። ድንገት መውጣት ቢያስፈልግ ብዬ መጀመሪያ መኪናዋን አዙሬ አፍንጫዋን ወደ ነቀምቴ መለስኩ፤ ከዚያ እግሬን ቀስ ብዬ አውጥቼ ወረድኩ።